ሴት አታስብም ያለው ማነው?

ንፋስ መውጫ ስሟ አይዋሽም፤ ሌሊት ንፋሱ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ማን ይተኛል! እንዲህ ባለ ሌሊት ነው ባለቤቴ ጋቢውን እንደተከናነበ «ምን እያሰብሽ ነው?» ያለኝ።

እውነቱን ልናገር? የማስበው እሱን ነበር፤ ያውም ገና ሳንጋባ፣ ተሰርቀን ስንገናኝ እንደነበረው አድርጌ። ከአፌ የወጣው ግን «ሊጡን ሳላቦካ መተኛቴን» የሚል ሆነ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዝም አለ።

ውድ አንባቢያን፣ ለምን ዋሸሁ? ወንድ ቢያስብ «ወንድ አይደል!» ይባላል። ጠላ ቤት ቁጭ ብሎ ያሰበውንም ያላሰበውንም ጨማምሮ ያወራል። ሴት ግን አሰብኩ ካለች አለቀላት። እኛም ቡና ላይ የሰው ትዳር እናነሳለን እንጂ ስለ ራሳችን ትንፍሽ አንልም። አንድ ቀን አንዲት ጎረቤቴ በረካው ላይ «እኔ ብቻ ነኝ እንዴ እንዲህ የማልመው?» አለች። ሁላችንም ሳቅን። «አዎ፣ አንቺ ብቻ ነሽ» ያላት ግን አልነበረም።

ወንድ በየሰባት ሰከንዱ ስለ ወሲብ ያስባል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ወሬ ነው! የአሜሪካው ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቴሪ ፊሸርና ባልደረቦቿ ከ18 እስከ 25 ዓመት የሆናቸውን 283 ተማሪዎች መቁጠሪያ አስይዘው፣ ከፊሎቹ ስለ ወሲብ፣ ሌሎቹ ስለ ምግብ ወይም ስለ እንቅልፍ ባሰቡ ቁጥር ለአንድ ሳምንት እንዲጫኑ አደረጉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ። ስለ ወሲብ የወንዶቹ መካከለኛ ቁጥር በቀን 19 ገደማ፣ የሴቶቹ 10 ገደማ ነው። ልዩነትስ አለ። ነገር ግን ወንዶቹ ምግብና እንቅልፍንም ከሴቶቹ አብልጠው ቆጥረዋል። ማን ብዙ እንደሚያስብ ከጾታ ይበልጥ የጠቆመው፣ ሰውየው በወሲብ ነገር የማያፍር መሆኑ ነው። «ሰው ምን ይለኛል» የሚሉት ሴቶች ደግሞ ቁጥራቸው ዝቅ ያለ ነበር።

እኔ ብሆን መቁጠሪያውን የምጫን ይመስላችኋል?

ከወር በኋላ ጨክኜ እውነቱን ነገርኩት። ብዙ ዝም አለና «እኔ እኮ ሌላ ሰው በልብሽ የገባ መስሎኝ ነበር» አለኝ። አንድ ወር ሙሉ ይህን ይዞ አብሮኝ ሲተኛ ነበር!

እህቶቼ፣ ሐሳብ ሁሉ ይዘርገፍ አልልም፤ ሐሳብ ድርጊት አይደለም። ግን የሚወዳችሁ ሰው ሲጠይቃችሁ በሊጥ አታሳብቡ። ወንድሞቼ፣ እናንተም ከጠየቃችሁ አይቀር፣ መልሱን ስትሰሙ አትፍረዱ።