የሰረዝኩት የሳንቃበር አዳር

ጥፋቱን የሠራሁት አያት ተቀምጬ ነው፤ ከሰሜን ተራሮች በመኪና መንገድ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ርቄ። ከኮንዶሚኒየማችን ሥር ባለችው ቡና ቤት «በተራራው የመጀመሪያው አዳር ሳንቃበር» ብዬ የጻፍኩትን መስመር በእስክሪብቶ ሰረዝኩና በላዩ «ጨነቅ» ብዬ ጻፍኩ። በዚያ ስረዛ ምክንያት የማከብራቸው ሰው ሊሞቱ ነበር። እግዚአብሔር አተረፋቸው። ከዚያ ወዲህ ግን እርሳቸው ዕድሜያቸውንና ጉልበታቸውን ሲወቅሱ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እያወቅሁ ለዓመታት አፌን ዘጋሁ። የምናዘዘው ሁለቱንም ነው።

ስማቸውን አልጠራም። ብሎካችን ውስጥ ትልቁም ትንሹም «ጋሼ» ይላቸዋል። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ራስ ዳሸንን ለስንትና ስንት ተማሪ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥለው አስተምረዋል፣ በዓይናቸው ግን አላዩትም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከአያት ተነስተን ተራራ የምንወጣ የሰፈር ሰዎች ነበርን። አንዳንዴ በየካ በኩል ወደ ዋሻ ሚካኤል፣ አንዳንዴ በታክሲ እስከ ሽሮ ሜዳ ሄደን ከዚያ በእግር ወደ እንጦጦ ማርያም። የእንጦጦ ፓርክ ገና አልተከፈተም ነበር፤ መንገዱ ላይ የምናገኘው ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችንና ልምምድ የሚሠሩ ሯጮችን ነበር። ጋሼ ከአብዛኞቻችን ቀድመው ይደርሱና ቁጭ ብለው ይጠብቁናል። ይህንን ደጋግሜ ማየቴ ነው ያሳሳተኝ።

የጉዞው ሐሳብ የመጣው ግን ከሌላ አገር ተራራ ነው። ዴንቨር የሚኖር የአክስቴ ልጅ በየዓመቱ በበረዶው ወራት ኮሎራዶ ተራራ ላይ ስኪ ይንሸራተታል። «ና፣ አብረን እንሂድ» ብሎኝ ነበር። ለወራት ሌላ ነገር አላሰብኩም። የት እንደምናድር፣ ጫማውና ስኪው በቀን ስንት እንደሚከራይ፣ ለጀማሪ የሚሰጠው ትምህርት ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ወደ ላይ የሚያወጣው የገመድ ወንበር ትኬት አስቀድሞ ሲገዛ ምን ያህል እንደሚረክስ፣ ሁሉንም በደብተር አሰፈርኩ። በ2006 እ.ኤ.አ. ቱሪን ላይ ሮቤል ተክለማርያም የክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን የተሰማኝን ኩራት አስታውሳለሁ፤ አዲስ አበባ የተወለደ ሰው በረዶ ላይ የአገሩን ስም ይዞ ከተንሸራተተ እኔስ ለምን አልሞክርም አልኩ። ቪዛው አልተሳካም። ብስጭቴ ከባድ ነበር። ደብተሩን ገልብጬ ከኋላ በኩል «ሰሜን ተራሮች፣ ታኅሣሥ 2011» ብዬ ጻፍኩ።

ከሰፈር ብዙ ሰው ፈለገው። ጋሼ በመጀመሪያው ምሽት ነው የተመዘገቡት። የመጀመሪያው ዕቅዴ የማያሳፍር ዕቅድ ነበር፤ ይህን የምለው ራሴን ለማዳን ሳይሆን ትክክለኛውን አውቀው እንደነበር ለመናገር ነው። በአውሮፕላን ጎንደር፣ ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ደባርቅ፤ እዚያ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ፣ ስካውት የሚባለውን ጠመንጃ ያነገተ አጃቢና አስጎብኚ ይዞ ማደር። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ነው። በማግስቱ ሳንቃበር፣ 3,250። ቀጥሎ ግጭ፣ ከዚያ ጨነቅ፣ ሁለቱም 3,600 አካባቢ። ቧሂት፣ 4,430 ሜትሩ፣ በመጨረሻ። ይህ ቅደም ተከተል ተራራ ወጪዎች ሁሉ ከሚያውቁት ደንብ ጋር ይስማማል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚታደርበት ቦታ በየሌሊቱ ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመከራል። ቀን ላይ የፈለገውን ያህል ወጥቶ ዝቅ ብሎ የሚያድር ሰው ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ሰውነት ለአየሩ መሳሳት የሚለምደው በቆይታ ነው፤ የሚፈተነውም ሌሊት ነው።

ከዚያ ከደባርቅ ስልክ ተደወለልኝ። ቧሂት በረዶ ጥሎበታል፣ ነጭ ለብሷል አሉኝ። እዚያ አናት ላይ አልፎ አልፎ ይጥላል፤ ፀሐይ ስትበረታበት ደግሞ አይቆይም። እኔ የታየኝ ፎቶው ብቻ ነው። የኮሎራዶውን በረዶ ቢከለክሉኝ የራሴን አገር በረዶ ረግጬ ለአክስቴ ልጅ ልልክለት። በረዶው ሳይቀልጥ ለመድረስ የደባርቅን አዳር አወጣሁ፤ ሳንቃበርንም ሰረዝኩ። አስፋልት ባይሆንም መንገዱ እስከ ጨነቅ መኪና ያስገባል። ጠዋት አዲስ አበባ ቁርስ በልተን ማታ 3,620 ሜትር ላይ ለመተኛት ይቻላል። ተቻለም።

አዳር በመቀነሱ ለእያንዳንዱ ሰው መዋጮው ቀለለ። ሚኒባሱም እዚያ ቆሞ የሚያስከፍለን ለምንድነው አልኩና አድርሶን እንዲመለስ፣ ቀኑ ሲደርስ መጥቶ እንዲወስደን ተስማማሁ። ሰዉ አመሰገነኝ። «እንዳንተ ያለ አስተባባሪ የት ይገኛል» ያሉኝም ነበሩ። ምስጋናው ጣመኝ። ከዚያ አንድ ገጽ መመሪያ አሳትሜ አደልኩ፤ ከውስጡ አንዱ መስመር «ሰዓት ይከበራል፤ ወደ ኋላ የሚቀር አይጠበቅም» ይላል።

የአክስቴ ልጅ አስጠንቅቆኛል። በስልክ ዕቅዱን ሳነብለት «አንድ ሌሊት ዝቅ ብላችሁ እደሩ» አለኝ። ከባሕር ጠረፍ በአውሮፕላን መጥተው ያንኑ ቀን ወደ ብሬክንሪጅ የሚወጡ እንግዶች ራሳቸውን ይዘው እንደሚያድሩ፣ ስለዚህ 1,600 ሜትር ላይ ባለችው ዴንቨር አንድ ሌሊት እንዲያሳልፉ እንደሚመከሩ ነገረኝ። «እነሱ ፈረንጆች ናቸው፤ እኛ ደገኞች ነን» ብዬ መለስኩለት።

ይህ መልሴ ከባዶ የመጣ አልነበረም፤ ለዚህም ነው የበለጠ የሚቆጨኝ። እዚያው ሰሜን ተራሮች ውስጥ አምባራስ የምትባል መንደር አለች፣ 3,530 ሜትር ላይ። ሲንቲያ ቤል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ የነዋሪዎቿን ደም መርምረው በ2002 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አውጥተዋል። የአምባራስ ሰዎች የሄሞግሎቢን መጠንም ሆነ በደማቸው የሚመላለሰው ኦክስጅን ቆላ ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ደማቸውን በሄሞግሎቢን አወፍረው፣ የቲቤት ሰዎች ደግሞ ዝቅ ባለ ኦክስጅን ኖረው የሚችሉትን ከፍታ የእኛዎቹ በሌላ መንገድ ችለውታል። ይህን አንብቤ ነበር። ለመንገደኞቹ ሁሉ በኩራት ተርኬላቸዋለሁ። ያልተረኩት፣ ለራሴም ያልነገርኩት፣ ጥናቱ ስለ አምባራስ ሰዎች እንጂ ስለ አያት ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች አለመሆኑን ነው። እነዚያ ሰዎች እዚያ ተወልደው፣ አባቶቻቸውም እዚያ ኖረው ነው። ጋሼ ያደጉት ቆላ ነው፤ አዲስ አበባ የመጡት ለሥራ። እንጦጦ 3,200 ሜትር ቢደርስም እኛ ወጥተን ለምሳ ቤታችን እንመለሳለን። አንድም ሌሊት አድረንበት አናውቅም።

ጨነቅ በደረስንበት ማታ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። በበጋው ወራት እዚያ ሌሊት ውርጭ ነው፤ በጆግ የቀረ ውኃ በረዶ ሆኖ ያድራል። እራት ሲቀርብ ጋሼ አልበላም አሉ። «ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?» አልኳቸው። «መንገዱ ነው ልጄ፣ ድካም ነው» አሉኝ። የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት የከፍታ ሕመም የመጀመሪያ ምልክቶች መሆናቸውን በደብተሬ ጽፌዋለሁ። መልሳቸውን የተቀበልኩት ስለተመቸኝ ነው።

ጠዋት ጭላዳዎቹ ገደሉ ጫፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ሁሉም ካሜራውን ይዞ ወጣ። ስካውቱ ግን ጋሼን እያየ ቆየ። እዚያው ተራራ ላይ ያደገ፣ ጠመንጃውን አንግቶ ቁልቁለቱን እንደ ሜዳ የሚሄድ ሰው ነው። ወደ ዳር ጠራኝና «እኒህ አባት ፊታቸው ልክ አይደለም። ዛሬ እዚህ ይረፉ፤ ካልተሻላቸው ወደ ሳንቃበር ይውረዱ» አለኝ። እንጦጦን በየሳምንቱ እንደሚወጡ ነገርኩት። «እንጦጦን አላውቀውም፤ ይህን አውቀዋለሁ» አለ። መኪናው ስለሌለ ማውረድ እንደማይቻል ስነግረው ዝም አለ። ለጋሼ ምን እንዳለ አልነገርኳቸውም። ለሌሎቹም አልነገርኳቸውም። «እንሂድ» አልኩ።

በጅብራዎቹ መካከል እያለፍን ወደ ቧሂት ስንወጣ ጋሼ እየቀሩ ሄዱ። ከፊት ሆኜ ሰዓቴን አያለሁ። ወደ ማለፊያው ስንቃረብ ከኋላ ተጠራሁ። ስደርስ ጋሼ ቆመዋል፤ ግን እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳሉ። «ልጆቹ ደብተራቸውን አምጥተዋል?» አሉኝ። ተማሪያቸው መስያቸው ነበር። ሰው ከፍታ ላይ መራመድ ሲያቅተውና ሲቃዥ አንጎሉ እያበጠ ነው፤ መድኃኒቱ ሳይዘገዩ መውረድ ነው፣ በእግርም በበቅሎም። በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ስካውቱ ማንንም ሳያስፈቅድ በቅሎዋን አስመጣ። ከበላዬ ባለው ዳገት ላይ የጠበቅሁት በረዶ በጥላው በኩል ጥቂት ቀርቶ ይታይ ነበር።

ጨነቅ ስንመለስ የምንወርድበት የለንም። ስልክ አይሠራም። ስካውቱ የሌላ ቡድን ሾፌር ለምኖ፣ እነዚያ የማናውቃቸው ሰዎች ጉዟቸውን አቋርጠው መኪናቸውን ባይሰጡን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነገር ነበር። ሳንቃበርን አልፈን ወደ ታች ስንወርድ ጋሼ ስሜን ጠሩኝ። ደባርቅ ኦክስጅን ተሰጣቸው። ጎንደር ጥቂት ቀን ተኝተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ለልጃቸው ያልኳት «ድንገት ነው፤ ዕድሜም ስላለ» ነው። ስለ ስካውቱ ምንም አልነገርኳትም። ሰው ሁሉ «ዋናው መትረፋቸው ነው» አለ፤ እኔም ከሰው ጋር አልኩ። ጋሼ ከዚያ በኋላ የቅዳሜውን መንገድ ተዉ። ልጆቻቸው ከለከሏቸው፤ እርሳቸውም «እውነታቸውን ነው፣ አርጅቻለሁ» አሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የከፍታ ሕመም ወጣትም ሯጭም ይጥላል፤ ጉልበት አይከላከለውም፣ ሽበትም አይጠራውም። ፍጥነት ነው የሚጠራው። የጋሼ ሰውነት የከዳቸው ነገር አልነበረም። እኔ ያንን አውቅ ነበር። የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ በኋላ ሰፈሩ በሙሉ ወደዚያ ሲመላለስ እርሳቸው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ተራራውን ያያሉ፤ እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ቡናቸውን እጠጣለሁ። ያልሠሩትን ጥፋት ተሸክመው ሲቀመጡ አይቻለሁ። መናገር ማለት አስተባባሪነቴን፣ ምስጋናውን፣ በሰፈር ያለኝን ስም መመለስ ስለነበር ዝም አልኩ።

የነገርኳቸው ባለፈው ዓመት በሁዳዴ ነው። አስቀድሜ የነገርኩት ለንስሐ አባቴ ነበር፤ እርሳቸው «ለእኔ መንገርህ መልካም፤ የበደልከው ሰው ግን ሁለት ብሎክ አልፎ ነው ያለው» ብለው ላኩኝ። ጋሼና ልጃቸው ባሉበት ሁሉንም ዘረዘርኩ፤ የሰረዝኩትን አዳር፣ የመለስኩትን መኪና፣ ስካውቱ ያለኝን ቃል በቃል። ልጃቸው እስክጨርስ ጠብቃ «አባቴ ይህን ሁሉ ጊዜ ሰውነቱን ሲረግም አንተ እዚህ ወንበር ላይ ነበርክ» አለች። ልክ ናት። ይቅርታዋን እስካሁን አልሰጠችኝም፤ አልለምናትምም፤ የራሷ ነው።

ጋሼ የጠየቁኝ እንደ መምህር ነው። የእያንዳንዱን ቦታ ከፍታ፣ ስንት ሰዓት እንደነበረ፣ ምልክቶቹን በየተራ አስደገሙኝ። የሆነው ነገር የእርጅና ምልክት አለመሆኑን ሐኪም እንዲነግራቸው ፈለጉ፤ ሄደን ጠየቅን፤ ሐኪሙም ነገራቸው። ይህን ጽሑፍ ሳላወጣ በፊት አነበብኩላቸው። አንድ ነገር ብቻ እንድጨምር አዘዙኝ፤ የዚያን ማታ ራሳቸው ሊፈነዳ እስኪል እያመማቸው «ድካም ነው» ብለው የደበቁኝ እርሳቸው መሆናቸው ይጻፍ አሉ። ጽፌዋለሁ። ለምን እንደደበቁም ያኔውኑ ጠይቄያቸው ነበር። እኔ ያደልኩትን መመሪያ ከፋይላቸው አውጥተው፣ ወደ ኋላ የሚቀር አይጠበቅም በሚለው መስመር ላይ ጣታቸውን አደረጉ።