የናሱ እስኪገኝ

«ሳክስፎን መማር እፈልጋለሁ፤ ግን የናሱን በምን አቅሜ ልግዛ?» ይህን ጥያቄ በጉለሌ ከማስተምራቸው ወጣቶች ደጋግሜ እሰማለሁ። እኔም ስለ ኦርኔት ኮልማን እነግራቸዋለሁ። ይህ አሜሪካዊ የጃዝ ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1954 የናሱን መግዣ ስላጣ እንግሊዝ አገር የተሠራ ነጭ የፕላስቲክ ሳክስፎን ገዛ። ሳክስፎኑ ርካሽ ነበር፤ ቶሎም ይሰነጠቃል። ኮልማን ግን በ1959 የጃዝን መንገድ የቀየረ አልበም በፕላስቲክ ሳክስፎን ቀረጸ። ድምፁን የሚፈጥሩት «ሪድ» የምንላት ቀጭን ሸምበቆ ንዝረትና በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ናቸውና። የእኛው ጌታቸው መኩሪያም ሽለላን በሳክስፎን ሲያሰማን መሣሪያው የናስ ነበር፤ ሽለላው ግን የራሱ ነው። ወዳጆቼ፣ የጎደለንን ስንቆጥር የተሰጠን ትንፋሽ ሳንዘምርበት እንዳያልፍ።