ከዋሻ ሚካኤል እስከ እንጦጦው ካብ

ባለፈው ኅዳር በአንዲት ቅዳሜ ዕለት እኛ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች በየካ ተራራ ላይ የሚገኙትን የጥንት ፍርስራሾች ለማየት ከታሪክ አስተማሪያችን ጋራ ሄደን ነበር። ጉዞው የአንድ ቀን ብቻ ስለ ሆነ ዳቦ፣ ቆሎና ውሃ ይዘን በማለዳ ከትምህርት ቤታችን በር ተሰበሰብን። ስለ ጉዞው እንድጽፍ የተመረጥሁትም ከሌሎቹ ይልቅ ጽሕፈት ስለምችል አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እናገራለሁ።

ዳገቱን እንደ ተያያዝነው በጫማው ሲመካ የነበረው ጓደኛችን መጀመሪያ ደከመና ሁላችንም ሳቅንበት። ዋሻ ሚካኤል ስንደርስ ግን ሳቁ ሁሉ ቆመ። ይህ ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ የተሠራ አይደለም። ግድግዳውም ዓምዱም መስኮቱም ከአንዱ አለት ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ጣራው ክፍት ስለ ሆነ በውስጡ ቆሞ ቀና ያለ ሰው ሰማዩን ያያል። የአገሩ ሰዎች አብርሃና አጽብሓ ያሠሩት ነው ይላሉ፤ ተመራማሪዎች ግን ወደ መካከለኛው ዘመን ያወርዱታል። እኔ ግድግዳውን በእጄ ስዳብስ የመጥረቢያውን ምልክት ያገኘሁ መሰለኝና ደስ አለኝ።

ምሳችንን ስንበላ አስተማሪያችን ሮማውያን በሰሜን እንግሊዝ ድንበራቸውን ለመጠበቅ ስለ ሠሩት ስለ ሐድሪያን ግንብ አጫወቱን። በ122 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተጀመረ፣ ርዝመቱም 117 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወታደሮቹ ከሄዱ በኋላ የአካባቢው ሰዎች ድንጋዩን እየነቀሉ ቤትና በረት ሠሩበት፤ ዛሬ የተረፈውን ለማየት ሰው ከቅርብ ከተማ በጠዋት ወጥቶ ማታ ይመለሳል። «እኛም ከራሳችን ከተማ ወጥተን የምናየው ካብ አለን» አሉን። ከዋሻ ሚካኤልና ከእንጦጦ ማርያም መካከል በጋራው ላይ 520 ሜትር የሚሆን የድንጋይ ግንብ፣ 12 ማማዎችም ያሉት አምስት ማዕዘን ምሽግ አለ። ሐርትቪግ ብሬተርኒትስና ሪቻርድ ፓንክረስት በ2009 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ የ15ኛው መቶ ዓመት ነገሥታት ከተማ የነበረችው በረራ በዚህ አካባቢ ሳትሆን አትቀርም ብለዋል። ፍራ ማውሮ የተባለው የቬኒስ መነኩሴም በ1450 (እ.ኤ.አ.) ገደማ በሣለው ካርታ ላይ በረራን አስፍሯታል። ነገሩ በሊቃውንት ዘንድ ክርክር አላለቀለትም።

ከዚያ ተነሥተን ወደ ምዕራብ ሄድን። መንገዱ በባሕር ዛፉ መካከል ሦስት ሆኖ ተከፈለ። አስተማሪያችን ስልካቸውን አውጥተው ካርታ ቢፈልጉ መስመር የለም። ተማሪው ሁሉ በያቅጣጫው ይጠቁም ጀመር።

እኔ መንገዱን አውቀው ነበር። ነገር ግን ዝም አልሁ።

እናቴ እኔን ያሳደገችኝ ከዚህ ጋራ ጭራሮና ቅጠል ተሸክማ ሾላ ገበያ እያወረደች ነው። ትምህርት በማይኖርበት ቀን ትንሽ እስር አሸክማ ታስከትለኝ ነበር። ዛሬ ጉልት ስለምትቸረችር ጓደኞቼ ሲጠይቁኝ «ነጋዴ ናት» እላለሁ፤ ውሸት አይደለም፤ ሙሉው እውነትም አይደለም። ያንን ካብ እኛ ምሽግ ብለን አናውቀውም፤ ስሙ «ማሳረፊያው» ነበር። ሸክም የያዘች ሴት መሬት ላይ ከተቀመጠች ያለ ረዳት አትነሣም፤ በወገቧ ልክ በሆነ ካብ ላይ ሸክሟን ካስደገፈች ግን ብቻዋን አርፋ ብቻዋን ትነሣለች። እናቴ እዚያ በደረሰች ቁጥር «ይህን የካበውን ሰው ነፍሱን ይማር» ትል ነበር።

በመጨረሻ «በግራ ነው» አልሁ። «እንዴት አወቅሽ?» ቢሉኝ «ሰው ነግሮኝ ነው» ብዬ መለስሁ።

ካቡ ጋ ስንደርስ አንዱ ይለካል፣ አንዱ ፎቶግራፍ ያነሣል። አስተማሪያችንም ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስለ ሆነ ምሽጉን የሠሩት ሰዎች ይህን ደን እንዳላዩ ይነግሩናል። በዚህ መካከል ሦስት ሴቶች ጭራሮ ተሸክመው ከጫካው ወጡና ቆሙ። ለካ ቦታቸው ላይ ተቀምጠንባቸው ኖሯል! አንደኛዪቱ አጎንብሳ እንዳለች አየችኝና «አንቺ ልጅ፣ አደግሽ እኮ! እናትሽ ደኅና ናት? ወገቧን ተሻላት?» አለችኝ።

ጓደኞቼ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ፊቴ ጋለ። «ደኅና ናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁና ተነሥቼ ሸክሟን እንድታስደግፍ ያዝሁላት። ከዚያም ስለ ማሳረፊያው ያለውን ሁሉ ለአስተማሪያችን ነገርኋቸው። እርሳቸውም የካቡን አናት በመዳፋቸው እየዳበሱ የትኛው ድንጋይ እንደ ለሰለሰ ሴቶቹን ጠየቋቸው፤ መልሳቸውንም በማስታወሻቸው ጻፉ። በጫማው የተመካው ልጅ ለመታሰቢያ ብሎ በቦርሳው የከተታትን ድንጋይ አውጥቶ ማንም ሳይናገረው ወደ ቦታዋ መለሰ።

ማታ ቤት ስገባ እናቴ ጉልቷን ሰብስባ እግሯን ትታጠብ ነበር። የዋልሁበትን፣ ያለኋቸውንም ነገርኋት። ከበረራና ከነገሥታቱ ይልቅ ስለ ካቡ አጥብቃ ጠየቀችኝ።

«አልፈረሰም?»

«አንደኛው ጥግ ብቻ ወድቋል።»

«የትኛው? ጥዱ ያለበት?»

«አዎን» አልኋት።

«እሱማ የእኔ ነበር» አለችና ውሃውን ደፋችው።