ስሙ የአንድ፤ ድካሙ የብዙ

የልጅ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን አንዳንድ ጊዜ ከሙግት ይከብዳል። ባለፈው ሰሞን በአቃቂ ቃሊቲ ባለው ቤታችን የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጄ የወጣቷን መርማሪ የናንሲ ድሩን ታሪክ አንብባ ከፈጸመች በኋላ፥ «አባዬ፥ ለደራሲዋ ለካሮላይን ኪን ደብዳቤ ልጽፍ ነው፤ አድራሻዋን ፈልግልኝ» አለችኝ።

ብመረምር ካሮላይን ኪን የምትባል ደራሲ ኖራ አታውቅም። ኤድዋርድ ስትራተሜየር የተባለ አሜሪካዊ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ግድም፥ የልጆች መጻሕፍት የሚያዘጋጅ ድርጅት አቋቋመ። የታሪኩን አካሄድ በአጭሩ ይሰጣል፤ ተቀጣሪው ጽፎ ይመልሳል፤ ቁርጥ ዋጋውንም ተቀብሎ መብቱን በፊርማው ይለቃል። በሽፋኑ የሚታተመው ድርጅቱ ያወጣው ስም ነው፤ አንዱ ጸሐፊ ቢሄድ ሌላው በዚያው ስም ይቀጥላል። በ1927 የተጀመሩት የሃርዲ ወንድማማቾች ታሪኮች በፍራንክሊን ዲክሰን ስም ቢወጡም፥ የመጀመሪያዎቹን የጻፈ ሌስሊ ማክፋርሌን የተባለ ካናዳዊ ነው። የናንሲ ድሩንም የመጀመሪያ መጽሐፍ ሚልድረድ ዊርት ጽፋ 125 ዶላር ተቀበለች፤ መጽሐፉም በ1930 ታተመ። ከመጀመሪያዎቹ 30 መጻሕፍት 23ቱ የርሷ ናቸው። ነገሩ በሰፊው የተገለጠው በ1980 አሳታሚዎች በኒው ዮርክ ሲካሰሱ፥ ለምስክርነት በቀረበች ጊዜ ነው። በ2002 ዐርፋለች።

ይህን ስነግራት ልጄ ዐይኗ እንባ አቀረረ፤ «እንግዲያስ ውሸት ነው?» አለች።

ወዲያው መመለስ አልቻልሁም። እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ ዳኛው የሚናገሩትን ውሳኔ እጽፋለሁ፤ ስሙም የርሳቸው ነው። በዚህ ቅር ተሰኝቼ አላውቅም፤ እጁ የኔ ቢሆንም ቃሉ የርሳቸው ነውና። የሚልድረድ ግን ቃሉም የራሷ ነበር። ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለሁ 150ውን መዝሙር በሙሉ «ዳዊት» እንለው ነበር፤ ከአርእስቱ አያሌዎቹ ግን አሳፍንና የቆሬን ልጆች ይጠራሉ። በአንድ ስም መሰብሰብ ነውር አይደለም፤ የደከመውን መደበቅ ግን ዕዳ ነው።

ስለዚህ፥ «ታሪኩ የተወደደ ነው፤ ስሙ ግን መጋረጃ ነው» አልኋት። እርሷም እርሳስ አንሥታ ከካሮላይን ኪን ስም በታች «ሚልድረድ ዊርት» ብላ ጻፈች።

ወላጆች ሆይ፥ ለልጆቻችሁ መጽሐፍ ስትገዙ፥ የጻፈውንም ሰው ጠይቃችሁ ንገሯቸው። የሠራተኛን ስም ማክበር የሚለመደው በቤት ነው።