እናት አልባዎቹ የጅግራ እንቁላሎች



ባለፈው የበልግ ዝናብ ወቅት ነው። ዲላ ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ፣ ወደ አባያ ሐይቅ በሚወርደው ቆላ ዘመዶቹን ጠይቆ ሲመለስ፣ ሣር ውስጥ ያገኛቸውን ዘጠኝ የጅግራ እንቁላሎች በኮፍያው ይዞልኝ መጣ። የሳይንስ መምህር ነኝና "ጎበዝ!" ብዬ ተቀበልኩት። ቤት ውስጥ ከጣውላ ሣጥን፣ ከአምፖል፣ ከቴርሞሜትርና ከውኃ ሳህን የሠራኋት መፈልፈያ አለችኝ፤ የዶሮ ጫጩት አውጥቼባታለሁ።

ማታ የሰባት ዓመቷ ልጄ እንቁላሎቹን አየችና "አባዬ፣ እናታቸውስ?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። ጫጩቶቿ ተወስደውባት ስትርገበገብ ለታየችው ወፍ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጆቿ እንዲመለሱላት ማዘዛቸውን ከአቡ ዳውድ የሐዲስ ስብስብ በመድረሳ ተምሬዋለሁ፤ ለሌሎችም አስተምሬዋለሁ። በማግስቱ ከተማሪዬ ጋር ወርደን ቦታውን ፈለግን። ሣሩ ታጭዷል፣ በሬም ገብቶበታል። ጅግራዋ የለችም። እንግዲህ እንቁላሎቹ አማና ሆኑብኝ።

የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ሲፈለፈል የጅግራ ከ26 እስከ 28 ቀን ይፈልጋል። ሙቀቱም 37.5 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ መዝለቅ አለበት። ፅንሱ ከቅርፊቱ እንዳይጣበቅ እንቁላሉ በቀን ደጋግሞ ይገለበጣል፤ ቁጥሩ ዊትር ሲሆን ደግሞ ረጅሙን ሌሊት ሁልጊዜ በአንድ ጎኑ አያድርም። በመሆኑም ልጄ በእርሳስ ምልክት አድርጋባቸው ከአምስቱ ሶላቶች በኋላ ትገለብጣቸው ጀመር። ለሱብሒ ቀድሞ እኔ ነበርኩ የምቀሰቅሳት፤ በእነዚያ ቀናት ግን እሷ ትቀሰቅሰኝ ነበር።

በ19ኛው ሌሊት መብራት ጠፋ። ከሰል እንዳናስገባ ጢሱ ይገድላቸዋል። ባለቤቴ ውኃ አሙቃ በጠርሙሶች ሞላች፤ በጨርቅ ጠቅልለን ከጎናቸው ደረደርን፣ ሣጥኑን በጋቢ ሸፈንን፣ እስከ ሱብሒም ውኃውን ስንቀያይር አደርን።

በ27ኛው ቀን ከቅርፊቱ ውስጥ ድምፅ ተሰማ። እዚህ ላይ ጥፋቴን አልደብቅም። ልጄን "አትክፈቺ" ያልኩት እኔው ራሴ ጓጉቼ ክዳኑን ደጋግሜ ከፈትኩ። እርጥበቱ ወጣ፤ ስሱ የውስጥ ሽፋንም ደርቆ ሁለቱን ጫጩቶች እዚያው አስቀራቸው። ሦስቱ እንቁላሎች ቀድሞውንም ፅንስ አልነበራቸውም። አራቱ ግን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ወጡ።

ልጄ ለሞቱት አለቀሰች። "የቸኮልኩት እኔ ነኝ፤ አጥፍቻለሁ" አልኳት። ለሰባት ዓመት ልጅ ይህን መናገር ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ከማሞቅ ይበልጥ ከበደኝ።

ያ ተማሪዬ አሁን ጎጆ ሲያገኝ ቦታውን ይነግረኛል እንጂ እጁን አይሰድም። አራቱ ጅግሮች በጓሯችን እንሰት ሥር ይጭራሉ። ልጄ መግሪብ ሲደርስ ትቆጥራቸዋለች፤ ቆጥራም ስትጨርስ "ስድስት ይሆኑ ነበር" ትለኛለች።

አላህ (ሱ.ወ) አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን።