ለቤታችን እግር የነበረችው ቮልስ

በየቤታችን ውስጥ በገንዘብ ሲተመኑ እምብዛም ዋጋ የማያወጡ፣ በሰጡት አገልግሎት ሲመዘኑ ግን ከቤተሰቡ አባላት እንደ አንዱ የሚቆጠሩ ዕቃዎች አሉ። ለአንዷ እናት የልብስ ስፌት መኪናዋ፣ ለሌላዋ ከእናቷ የወረሰችው ረከቦት፣ ለሌላዋ ደግሞ ልጆቿን ሁሉ ያዘለችበት አንቀልባ ሊሆን ይችላል። በእኛ ቤት ይህን ሥፍራ ይዛ የኖረችው አንዲት አሮጌ ቮልስ ዋገን ናት። ከተሸጠች ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቢሆንም፣ ልጆቼ በዓል ለማክበር በተሰባሰቡ ቁጥር ጨዋታቸው ዞሮ ዞሮ እርሷ ላይ ሳያርፍ አይቀርም። ይሁን እንጂ ዛሬ ስለ እርሷ የማወጋችሁ ለትዝታ ያህል ብቻ አይደለም። የቤት ንብረት እንዴት እንደሚገዛ፣ እንዴት እንደሚያዝ፣ ሲቸግርም እንዴት እንደሚሸጥ ለእኔና ለባለቤቴ ያስተማረችን እርሷ ስለሆነች ነው።

መኪናዪቱን የገዛናት በ1971 ዓ.ም. ነው። እኔ የስልክ ኦፐሬተር ነበርኩ፤ ባለቤቴ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር። የእኔ ሥራ በፈረቃ ስለነበረ አንዳንድ ጊዜ ማታ መውጣት፣ አንዳንድ ጊዜም ገና ሳይነጋ መግባት ግዴታዬ ነበር። ሁለት ሕፃናት ልጆች ይዞ እንዲህ ያለው ኑሮ ምን ያህል እንደሚከብድ ሠራተኛ እናቶች ታውቁታላችሁ። አንድ ቀን ባለቤቴ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የውጭ አገር ሰው ቮልሱን በ3,800 ብር ሊሸጥ መሆኑን ሰምቶ መጣ። በዚያን ጊዜ ይህ ገንዘብ ለእኛ ቀላል አልነበረም። እኔ በመሥሪያ ቤታችን ሴቶች መካከል ሠላሳ ሆነን በወር 50 ብር የምንጥለው ዕቁብ ነበረኝ። ዕጣው ወጥቶልኝ 1,500 ብር እጄ ገባ። ባለቤቴ ካጠራቀመው 1,500 ብር አወጣ፤ የቀረውን 800 ብር ከብድርና ቁጠባ ማኅበር ተበደርን። ሊብሬው በእርሱ ስም ይዙር እንጂ፣ መኪናዪቱ በሁለታችን ላብ የተገዛች መሆኗን ሁለታችንም አንድም ቀን ረስተነው አናውቅም።

ለወጣቶች አንባቢያን ስለ ቮልስ ጥቂት ላስረዳ። ንድፏን ያወጣው ፈርዲናንድ ፖርሽ የተባለው መሐንዲስ ሲሆን፣ በብዛት መመረት የጀመረችው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቮልፍስቡርግ በምትባል የጀርመን ከተማ ነው። ቅርጿን አይተው ፈረንጆቹ ጥንዚዛ ይሏታል፤ የእኛ ልጆች ደግሞ ኤሊ ብለዋት ነበር። በ1964 ዓ.ም. ከ15 ሚሊዮን በላይ በመመረት የአሜሪካኑን የፎርድ ሞዴል ቲ ክብረ ወሰን በልጣለች። በአገራችንም ታሪክ ውስጥ ሥፍራ አላት፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበር።

የእኛዋ በ1957 ዓ.ም. የተሠራች፣ ነጭ ቀለም የተቀባች ነበረች። ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ መጫኛዋ ከፊት መሆኑ ልጆቹን ሁልጊዜ ያስቃቸው ነበር። የቤንዚን ማጠራቀሚያዋም ከፊት ስለሆነ ለዕቃ የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ነው፤ ስለዚህ ጤፉ ከኋላ ወንበር ላይ ይጫናል፣ ልጆቹ ደግሞ ከኋላው ወንበር ጀርባ ባለችው ጎድጓዳ ሥፍራ ይሸጎጣሉ። ከኋላዋ ሞተሩ ስላለ ያች ሥፍራ ሞቃት ነበረች። በክረምት ብርድ ከሁሉ ታናሹ ልጄ እዚያ ውስጥ ሲተኛ፣ ቤት ደርሰን ለመቀስቀስ እንኳ ያሳዝነኝ ነበር። የባትሪዋ ኃይል 6 ቮልት ብቻ ስለነበረ ባውዛዋ ከኩራዝ ብዙም አይሻልም፤ በነሐሴ ማለዳ አልነሳም ካለችም ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ይገፋታል። በዚህ የተነሳ መኪናችን ሳንወድ በግዳችን ከጎረቤት ጋር ያፋቀረችን መኪና ሆነች።

መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በ1972 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ መሪ የሚይዙ ሴቶች ጥቂት ስለነበሩ፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ስቆም ሰው ሁሉ ጎንበስ እያለ ያየኝ ነበር። ባለቤቴ ግን ለዚህ ደንታ አልነበረውም። እንዲያውም መኪናዋን የምታሠራት አንቺ ስለሆንሽ አያያዟንም ማወቅ አለብሽ ብሎ፣ ሰፈራችን ያለው ጋራዥ ይዞኝ ሄደ። አረጋዊው መካኒክ በመጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ግን አንድ በአንድ አስተማሩኝ። «እትዬ፣ ይህች መኪና እንደ ሌሎቹ ውኃ አትጠጣም፤ የምትበርደው በንፋስ ነው። ንፋሱን የሚያመጣላት ይህ ቺንጋ ነው። ቀዩ መብራት ከበራ ቺንጋው ተበጥሷል ማለት ሊሆን ይችላልና አንድ ሜትር እንኳ አይንዱ» አሉኝ። ካንዴላ ማጽዳት፣ ዘይት መለካት፣ ጎማ መቀየርና ቺንጋ ማሰር የለመድኩት ከእርሳቸው ነው።

ይህ ትምህርት ፍሬ ያፈራው በ1976 ዓ.ም. የባለቤቴን ወላጆች ለመጠየቅ ወደ ደብረ ማርቆስ ስንጓዝ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወርደን የዓባይን ድልድይ ተሻግረን ወደ ደጀን የሚያወጣውን ጠመዝማዛ ዳገት ስንያያዘው፣ ራዲያተራቸው የፈላባቸው የጭነት መኪናዎች በየጥጉ ቆመው ሾፌሮቹ ውኃ ይፈልጉ ነበር። እኛ ውኃ የማትጠጣ መኪና ይዘን በኩራት እያለፍን ሳለ ቀዩ መብራት ቦግ አለ። ወዲያው ዳር ይዤ አቆምኩና የኋላውን ኮፈን ከፈትኩ፤ ቺንጋው ተበጥሷል። መለዋወጫው ከፊት ነበረ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሊረዳን ወርዶ «ወንድሜ፣ ምን ሆናችሁ?» ብሎ ባለቤቴን ሲጠይቀው፣ ባለቤቴ «እኔ ፀሐይ እሞቃለሁ፤ መካኒኳ እርሷ ናት» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመው። ሰውዬው ካቻቢቴውን እየያዘልኝ፣ ዳዶውን ፈትቼ አዲሱን ቺንጋ አስገባሁ። ሞተሩ ትንሽ እስኪበርድ ልጆቹ በቆሏቸው ተዝናኑ፤ ደጀን ስንደርስ ገና ጀምበር አልጠለቀችም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የማትረሳኝ ግን በ1973 ዓ.ም. ክረምት ያሳለፍኳት አንዲት ሌሊት ናት። ባለቤቴ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ገጠር ሄዶ፣ እኔ ከልጆቼ ጋር ብቻዬን ነበርኩ። ቤንዚን በኩፖን የሚታደልበት ጊዜ ስለነበረ በመኪናዪቱ ውስጥ የቀረው ጥቂት ሊትር ብቻ ነው፤ ለሥራዬ ብዬ ቆጥቤ የያዝኩት ነበር። ከእኩለ ሌሊት በኋላ በሬ ተንኳኳ። የጎረቤቴ እናት ናቸው፤ ልጃቸው ምጥ ይዟት ደም እየፈሰሳት መሆኑን እያለቀሱ ነገሩኝ። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ታክሲ የሚባል ነገር አይታሰብም። ልጆቼን ለሠራተኛዬ አደራ ሰጥቼ፣ ወላዷን ከኋላ ወንበር አስተኝተን ነጠላ በእንጨት ላይ አስረን እያውለበለብን ወጣን። ሁለት ቦታ ጥበቃዎች አስቆሙን። በመጀመሪያው ቦታ ወላዷን አይተው አሳለፉን፤ በሁለተኛው ቦታ ግን አንደኛው ጠባቂ «ቀጥሎ ያሉት እንዳያስቸግሯችሁ» ብሎ ራሱ ከፊት ተቀምጦ ሐኪም ቤት ድረስ ሸኘን። ሐኪሙ ጥቂት ብትዘገዩ ኖሮ ሁለቱንም ማዳን ያስቸግር ነበር አለን። ያን ሌሊት የተወለደችው ሕፃን ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ስትሆን፣ ስታገኘኝ ሁልጊዜ «ያች አዋላጄ ደኅና ናት?» እያለች ስለ ቮልሷ ትጠይቀኛለች።

እንግዲህ ወደ ሽያጩ ልምጣ። በ1989 ዓ.ም. ባለቤቴ ታመመ። ከብዙ ምርመራ በኋላ ቀዶ ሕክምና በቶሎ እንዲደረግለት ተነገረን፤ የሚጠየቀው ገንዘብ ግን ከሁለታችን ደመወዝ ጋር የሚቀራረብ አልነበረም። ከዘመድ ተበድረን የጎደለውን ስናሰላ፣ በቤታችን ውስጥ ያን ያህል ሊያወጣ የሚችል ዕቃ አንድ ብቻ መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ሆኖም ለበርካታ ቀናት ማንኛችንም አልተነፈስንም። አንድ ከሰዓት በኋላ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ሁለት ደላሎች የባለቤቴን ሕመም ሰምተው ቤት መጡ፤ 17,000 ብር ቆጥረው ፈርም አሉት። ሊብሬው በስሙ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣውና በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የፍትሐ ብሔር ሕግም ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርገው ነበር። እርሱ ግን «ባለቤቷ አልመጣችም» ብሎ መለሳቸው።

ማታ ይህን ሲነግረኝ፣ እኔው ራሴ ነገሩን አነሳሁትና እንሽጣት አልኩት። ባለቤቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣

«እግርሽን ሸጠሽ እኔን ልታቆሚ ነው?» አለኝ።

«አንተ ከተነሳህ እኔ እግር አላጣም» አልኩት።

በማግሥቱ ልጆቹንም ሰብስበን ነገርናቸው። ታናሹ ቢያለቅስም አባቱን አይቶ ዝም አለ። ምሥጢር አድርገን ብንሸጣት ኖሮ ልጆቹ ንብረት እንደተወሰደባቸው ይቆጥሩት ነበር፤ አማክረናቸው ስለሸጥናት ግን አባታቸውን ለማዳን እነርሱም ድርሻ እንዳዋጡ ተሰማቸው። ቅዳሜ ዕለት ሳሙናና ባልዲ ይዘው ሲያጥቧት ዋሉ።

ለደላሎቹ ፋንታ ወደ ጋራዡ ሄጄ አረጋዊውን መካኒክ አማከርኳቸው። እርሳቸው የሚያውቁትን አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ይዘው መጡ። ከበሮቹ ሥር ያለውን ዝገትና የፍሪሲዮኑን መድከም ሳልደብቅ አሳየሁት፤ ሰውዬውም አመስግኖ 22,000 ብር ከፈለ። ትልቁ ልጄ መለዋወጫውን ቺንጋ ለማስታወሻ እናስቀረው ብሎ ነበር። እኔ ግን ቺንጋውን ከነመፍቻው ለገዢው ሰጠሁትና፣ ቀዩ መብራት ሲበራ ምን ማድረግ እንዳለበት አስረዳሁት። ከግቢያችን ስትወጣ የሞተሯ ድምፅ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ይሰማን ነበር። ከዚያ በኋላ አይተናት አናውቅም።

ቀጥሎ የመጣው ጊዜ ቀላል ነበር አልልም። ለጠዋት ፈረቃ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ተነስቼ አውቶቡስ መጠበቅ ጀመርኩ፤ በዝናብ የቆምኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ነገር ግን ባለቤቴ ታክሞ ዳነ፤ ወደ ክፍሉም ተመልሶ አስተማረ። እስከ 2003 ዓ.ም. በሕይወት ኖሮ የልጆቹን ምረቃና የሁለቱን ሠርግ ለማየት በቃ። ስለዚህ ያች መኪና ስትሸጥም እንኳ ለዚህ ቤት የሠራችው ሥራ ቀደም ሲል ከሠራችው ያነሰ አልነበረም።

ቮልስን የሠራው ፋብሪካ የመጨረሻዋን ያወጣው ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር፣ ፑዌብላ በተባለች ከተማ ነው፤ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል። በአገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዘመኑ የኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል። ቢሆንም ወጣቶች አሮጌ ቮልሶችን እያደሱ ደማቅ ቀለም ቀብተው ሲነዷቸው አያለሁ፤ ደስም ይለኛል።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ባልና ሚስት በቤተሰብ አመራር እኩል መብት አላቸው፤ የጋራ ንብረታቸውንም የሚያስተዳድሩት በጋራ ነው። ሕጉ መልካም ነው። ሆኖም ሕጉ ቤት ውስጥ ሥራ ላይ የሚውለው ባልና ሚስት ሲነጋገሩ ነው። እኅቶቼ፣ ለቤታችሁ ዕቃ ስትገዙ የዕቁባችሁ ገንዘብ የት እንደገባ ይታወቅ፤ የዕቃውን አያያዝ ለባል ወይም ለመካኒክ ብቻ ሳትተዉ እናንተም ልመዱት። ባሎችም፣ ሰነዱ በስማችሁ ስለሆነ ብቻ ብቻችሁን አትፈርሙ። ክፉ ቀን መጥቶ መሸጥ ግድ ቢሆን፣ በምክክር የተሸጠ ዕቃ ትዝታ ትቶ ይሄዳል፤ በድብቅ የተሸጠ ግን ቂም ትቶ ነው የሚሄደው። አባቶቻችን «ከአንድ ብርቱ፣ ሁለት መድኃኒቱ» ያሉት ለዚሁ ነው።