ከክርን ወደ ታች

ልጄ በግቢያችን ያለችውን ሰርቪስ ክፍል የእንጨት ሥራ ቤት ካደረጋት ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ክፍሏ 3 ሜትር በ4 ሜትር ናት። ባለፈው መስከረም ትንሽ የኤሌክትሪክ መጋዝ ገዛ። መጋዙ የራሱ መቆሚያ ስለሌለው የሳንቃ ሣጥን ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ወገቡን ይዞ መግባት ጀመረ። ገና 31 ዓመቱ ነው።

እኔ 34 ዓመት በነርስነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ፤ አናጢ አይደለሁም። ነገር ግን አጎንብሶ የዋለ ወገብ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ጣቱን መጋዝ የቆረጠው ሰው እጅም ይዤ አውቃለሁ። ስለዚህ ልጄ «ብየዳ ቤት ሄጄ 80 ሴንቲ ሜትር መቆሚያ ላሠራ ነው» ሲለኝ፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ አንተን እንለካ» አልኩት።

«እማዬ ደግሞ፣ ሱሪ አይደለም እኮ የማሠራው!» ብሎ ሳቀብኝ።

የሥራ ጫማውን አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ክንዱን አጠፈ። ከወለሉ እስከ ክርኑ 108 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ቆመው ለሚሠሩት ቀላል ሥራ እጅ የሚያርፍበት ገጽ ከክርን 10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ይመረጣል፤ ጉልበት ለሚጠይቅ ሥራ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። እኛ 90 ላይ ተስማማን። መጋዙ ራሱ ከእግሩ እስከ ገጹ 33 ነው። ከ90 ላይ 33 ሲነሳ ለመቆሚያው የሚቀረው፣ ጎማውን ጨምሮ፣ 57 ብቻ ነው። በ80 ቢሠራ ኖሮ ገጹ 113 ሆኖ ከክርኑ በላይ ይወጣ ነበር። ከወገብ ሕመም ሸሽቶ ትከሻው ላይ ሊወድቅ ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ ወርዱ መጣ። እንጨት ሲገፋ መጋዙም አብሮ ይገፋል፤ ስለዚህ መቆሚያው ከታች ሰፋ ማለት አለበት። መጋዙ 55 በ55 ስለሆነ ከታች 65 አደረግነው። የክፍሏ በር 75 ስለሆነ ያሳልፈዋል። በቱቦላሬ ተበየደ፤ ከባድ ዕቃ እንዲቀመጥበትና እንዳይነቃነቅ ከሥሩ መደርደሪያ ተሠራለት። መጋዙ በብሎን ታሰረ። ጎማዎቹ ፍሬን አላቸው፤ አራቱም ሳይቆለፉ መጋዙ አይነሳም። ረጅም ሳንቃ ሲቆረጥ መቆሚያው ከበሩ ትይዩ ይዞራል፤ የሳንቃው ጫፍም ወደ ግቢው ይወጣል።

የከበደን የልጅ ልጄ ጉዳይ ነው። 15 ዓመቱ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአጎቱ ጋር ይውላል። ክርኑ 97 ላይ ነው። «አያቴ፣ እኔ መረገጫ ላይ ቆሜ ልቁረጥ» አለኝ። በቀዶ ሕክምና ክፍል አጠር ያለው ረዳት መረገጫ ላይ ቆሞ እንደሚሠራ እኔው ነበርኩ ያጫወትኩት። እዚያ ግን ከፊቱ የሚሽከረከር ጥርስ የለም። እዚህ አንድ እግር ቢስት እጅ ወደ መጋዙ ይሄዳል። እንቢ አልኩ፤ አኮረፈኝ። መረገጫው ለአሸዋ ወረቀት ሥራ ብቻ እንዲሆን ከአጎቱ ጋር ተስማማን።

ልጆቻችን ቤት ውስጥ ሥራ ሲፈጥሩ ደስ ይለናል፤ ገንዘብም እናዋጣለን። አንድ ሜትር ይዘን ከአጠገባቸው ብንቆም ደግሞ መልካም ነው። የልጅ ልጄ አሁን በየወሩ ክርኑን በሩ መቃን ላይ ያሰምራል። ቁመቱ ይደርሳል፤ እኔ የምጠብቀው ልቡ እስኪረጋ ነው።